ድመት ቁጥር 400

ስለ ቤተ ሙከራ እንስሳት በክፍል ውስጥ በምናስተምርበት ጊዜ ዘወትር የምንጠቅሳቸው የፓስተር ጥንቸሎች፣ የፓቭሎቭ ውሻና ነጫጭ አይጦች ናቸው። የታሪክ መምህራን የሆንን እንደሆነ ደግሞ ጉዳዩን ለባዮሎጂ ባልደረቦቻችን ትተን እናልፋለን። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን ሁለቱንም ወገን የሚመለከት ታሪክ ነው። በ1959 በጃፓን አገር፣ በአንድ የፋብሪካ ሆስፒታል ውስጥ ቁጥር ተሰጥቷት ስለ ሞተች አንዲት ድመት ነው። ቁጥሯ 400 ነበር። ድመቷ በሰውነቷ የሰጠችው መልስ አንድ ሕዝብ በጭንቅ ሲጠባበቀው የኖረ መልስ ነው። ሆኖም ያው መልስ በመንግሥት አፍ በይፋ እስኪነገር ድረስ 9 ዓመት ያህል ፈጅቷል። እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ሳይንሱንና ታሪኩን አብሮ መመልከት ያስፈልጋል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሚናማታ በደቡብ ጃፓን፣ በኪዩሹ ደሴት፣ በኩማሞቶ አውራጃ ጠረፍ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፊት ለፊቷ የሺራኑይ ባሕር አለ። ባሕሩን ደሴቶች ስለከበቡት ማዕበሉ ገር፣ ዓሣውም የበዛ ነበር። የባሕሩ ዳርቻ ሰዎች ኑሮአቸውም ምግባቸውም ዓሣ ነው፤ እኛ እንጀራን እንደምናየው እነርሱም ዓሣን ያዩታል ብንል ማጋነን አይሆንም። በዚችው ከተማ በ1908 አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ተቋቋመ። ኩባንያው በኋላ የታወቀበት ቺሶ የሚለው ስም በጃፓንኛ ናይትሮጂን ማለት ነው፤ ይህም ለእርሻ ማዳበሪያ በመሥራት ከነበረው ዝና የመጣ ነው። ፋብሪካው ለከተማይቱ ሥራም ግብርም ሰጠ። የከተማው ሰው ግማሹ የፋብሪካው ሠራተኛ ወይም የሠራተኛ ዘመድ በሆነበት ስፍራ በፋብሪካው ላይ አፍ መክፈት ቀላል እንዳልነበረ ለመገመት አያዳግትም።

ፋብሪካው ከ1932 ጀምሮ አሴታልዴሃይድ የሚባለውን ኬሚካል ማምረት ያዘ። ከዚህ ኬሚካል አሴቲክ አሲድ ይወጣል፤ ፕላስቲክን ለማለስለስ የሚያገለግሉ ነገሮችም ይሠሩበታል። የአሠራሩ ዘዴ ለኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን እንግዳ አይደለም። አሴቲሊን የተባለውን ጋዝ ባዜቃ ባለበት የሰልፈሪክ አሲድ ውሁድ ውስጥ ማሳለፍ ነው። ባዜቃ፣ ብዙ ሰው ሜርኩሪ የሚለው ፈሳሽ ብረት፣ እዚህ ላይ የካታሊስትነት ሥራ ይሠራል፤ ማለትም ለውጡን ያፋጥናል እንጂ ራሱ አያልቅም ተብሎ ይታሰባል። በመጽሐፍ ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ እንጂ በሥራ ላይ ግን ከባዜቃው ጥቂቱ ከካርቦን ጋር ተዋህዶ ሜቲል ሜርኩሪ ወደ ተባለ ሌላ ነገር ይለወጥ ነበር። ይኸው ከፋብሪካው ፍሳሽ ጋር ሐያኬን በተባለው ወደብ በኩል ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። ከፍሳሹ መውጫ አጠገብ ከተወሰደው ዝቃጭ ውስጥ በኋላ የተገኘው የባዜቃ ብዛት ከሚሊዮን እጅ 2,010 እጅ ደርሷል። ከዚያ ላይ ባዜቃውን መልሶ ማውጣት ትርፍ ያስገኝ ነበር የሚሉ እስኪኖሩ ድረስ ማለት ነው።

ምልክቱን መጀመሪያ ያሳዩት እንስሳት ናቸው። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በባሕሩ ዳር ባሉ መንደሮች ዓሣ እየሞተ ይንሳፈፍ፣ ቁራ ከሰማይ ይወድቅ ጀመር። ድመቶች ምራቃቸውን እያዝረበረቡ፣ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገዱ፣ በድንገትም ባሉበት እየተሽከረከሩ ከግድግዳ ጋር ይጋጩ ነበር። ባሕር ገብተው የሞቱም ነበሩ። ሕዝቡ ሁኔታውን ከጭፈራ ጋር አመሳስሎ የሚጨፍሩ ድመቶች በሽታ አለው። በኦገስት 1954 አንድ የኩማሞቶ ጋዜጣ ሞዶ በተባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ድመቶች ጨርሰው በማለቃቸው አይጥ እንደ በዛባቸውና ነዋሪዎቹ ለከተማው አስተዳደር አቤት እንዳሉ ጻፈ። የተጠየቀው እርዳታ አይጦቹን ለማጥፋት ነበር። ድመቶቹ ለምን ሞቱ ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን በዚያን ጊዜ አልተገኘም።

በኤፕሪል 1956 ግን ዕድሜዋ ስድስት ዓመት ያልሞላ አንዲት ሕፃን መራመድና መናገር ተስኗት ወደ ፋብሪካው ሆስፒታል መጣች። ጥቂት ቀን ቆይቶ ታናሽ እኅቷ፣ ቀጥሎም የጎረቤት ልጆች መጡ። የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ሆሶካዋ ሐጂሜ በሜይ 1 ቀን 1956 ምክንያቱ ያልታወቀ የነርቭ በሽታ መነሣቱን ለከተማው ጤና ጣቢያ አመለከቱ። ሚናማታ በሽታ የተባለው ሕመም በይፋ የታወቀበት ቀን ይህ ነው። እጅና እግር ይደነዝዛል፤ የዓይን እይታ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ሰውየው በቀጭን ቱቦ እንደሚመለከት ያህል ይሆናል፤ ጆሮ ይደክማል፤ አንደበት ይተሳሰራል፤ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ አይቻልም። ሲጠናም መንፈራገጥና ራስን መሳት ይከተላል። እስከ ኦክቶበር 1956 ከታወቁት 40 በሽተኞች መካከል 14ቱ ሞተዋል። መጀመሪያ ላይ በሽታው ተላላፊ ነው ተብሎ ስለተገመተ የታመመ ያለባቸው ቤቶች መድኃኒት ተረጨባቸው፤ ቤተሰቦቹም ገበያ ላይ ገንዘባቸውን በእጁ የሚቀበላቸው አጡ። ለድሀ ዓሣ አጥማጅ ይህ ከበሽታው የማይተናነስ ቅጣት ነበር።

የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህራን ምርመራቸውን የጀመሩት በዚሁ ዓመት ነው። በ1957 የሚናማታ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ዶክተር ኢቶ ሐሱዎ ጤናማ ድመቶችን ከባሕረ ሰላጤው የወጣ ዓሣ ብቻ ቢመግቧቸው እንደ መንደሮቹ ድመቶች ታመሙ። ሙከራው ቀላል ነው፤ ማንኛውም ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊረዳው ይችላል። ነገር ግን ሁለት ታላላቅ ቁም ነገሮችን አረጋግጧል። አንደኛ፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሳይሆን በምግብ የሚገባ መርዝ ነው። ሁለተኛ፣ መርዙ ያለው በዓሣው ውስጥ ነው። የመርዙን ስም ሳያውቁም እንኳ ዓሣ ማጥመድን ለማገድ ይህ በቂ ነበር እንላለን። የአውራጃው ባለሥልጣናትም የምግብ ንጽሕና ሕጉን እንጠቀም ወይ ብለው የጤና ሚኒስቴርን ጠየቁ። በሴፕቴምበር 1957 የተሰጠው መልስ በባሕረ ሰላጤው ያለው ዓሣ ሁሉ መርዛማ ስለመሆኑ ግልጽ ማስረጃ ስለሌለ ሕጉ ሊሠራበት አይችልም የሚል ነበር። ሁሉ የምትለዋን ቃል አንባቢያን ልብ ይሏታል ብለን እናምናለን።

ሳይንቲስቶቹም መርዙን ለይቶ በማወቅ በኩል ብዙ ተንከራተዋል። ፋብሪካው የፍሳሹን ናሙና ለመስጠት ፈቃደኛ አልነበረም፤ በባሕሩ ዝቃጭ ውስጥ ደግሞ መርዝ ሊሆን የሚችለው ብረት አንድና ሁለት አልነበረም። ማንጋኒዝ ነው ተባለ፤ ሴሌኒየም ነው ተባለ፤ ታሊየም ነው ተባለ። እያንዳንዱን ለድመት እየሰጡ ቢመለከቱ የታመመው ድመት የሚናማታን ድመት አልመስል አለ። መንገዱን ያበራው ከእንግሊዝ አገር የመጣ የቆየ ጽሑፍ ነው። በዚያ አገር የእህል ዘር እንዳይነቅዝና ሻጋታ እንዳይበላው የሚቀባ የሜቲል ሜርኩሪ መድኃኒት በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ አራት ሠራተኞች ታመው ነበር። ሐንተር የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የሕመማቸውን ሁኔታ በ1940 ጽፈው አሳተሙ፤ ከዚያም ጋር አይጦችንና አንድ ዝንጀሮ ለዚሁ መርዝ አጋልጠው ያዩትን አብረው ገለጡ። የእይታው መጥበብ፣ የእጅ መደንዘዝ፣ የአረማመድ መዛባት፣ ሁሉም በሚናማታ ከታየው ጋር አንድ ነበር። በኩማሞቶ የሬሳ ምርመራ መምህር የሆኑት ታኬኡቺ ታዳዎ የሟቾቹን አንጎል በአጉሊ መነጽር ሲመረምሩ ጉዳቱ ያው ሆኖ አገኙት። በጁላይ 22 ቀን 1959 ዩኒቨርሲቲው ለበሽታው ምክንያት የሆነው ከካርቦን ጋር የተዋሐደ ባዜቃ መሆኑን አስታወቀ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ይህ ነገር በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንመልከት፤ ታሪኩ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና። ከተሰበረ ቴርሞሜትር የሚፈሰው ተራው ባዜቃ ቢዋጥ አብዛኛው ሳይሟሟ በዓይነ ምድር ይወጣል፤ አደገኛነቱ በተለይ በእንፋሎቱ ነው። ሜቲል ሜርኩሪ ግን ሌላ ነው። ከምግብ ጋር የገባው ከ100 እጅ 95 ያህሉ ከአንጀት ወደ ደም ያልፋል። በደም ውስጥ ሲስቴይን ከሚባለው የፕሮቲን መሥሪያ አሲድ ጋር ይጣበቃል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑም ሜቲዮኒን የተባለውን ሌላ የፕሮቲን መሥሪያ አሲድ ይመስላሉ። አንጎል በደም ሥሮቹ ዙሪያ ጥብቅ አጥር አለው፤ መርዙን ሁሉ አያስገባም፤ ምግቡን ግን በር ከፍቶ ይቀበላል። ሜቲል ሜርኩሪ የሚገባው በዚህ በር፣ ምግብ መስሎ ነው። ከገባም በኋላ በተለይ የሚያጠፋው ከራስ ቅል ኋላ በስተታች ባለው በትንሹ አንጎል ውስጥ የሚገኙትን ጥቃቅን የነርቭ ሕዋሶችና እይታን የሚመራውን የአንጎል ክፍል ነው። ትንሹ አንጎል የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያስተካክል በመሆኑ ድመቷ መሽከርከሯ፣ ሰውየው መንገዳገዱ ከዚህ የመጣ ነው። የሞተ የነርቭ ሕዋስ ደግሞ አይተካም።

ሁለተኛው ጠባዩ አለመጥፋቱ ነው። በሰው አካል ውስጥ የገባው ሜቲል ሜርኩሪ ግማሹ እስኪወገድ ድረስ ከ50 እስከ 70 ቀን ይፈጃል። ዛሬ የበላነው ሳይወጣ የነገው ይጨመርበታል። በባሕርም እንደዚሁ ነው። ጥቃቅኖቹ የውኃ ፍጥረታት ከውኃው ይይዛሉ፤ ትናንሽ ዓሦች እነዚህን ይበላሉ፤ ትላልቆቹ ትናንሾቹን፤ ድመትና ሰው ደግሞ ሁሉንም። በእያንዳንዱ እርምጃ መርዙ እየተከማቸ ይሄዳል። ፍሳሽን ወደ ሰፊ ባሕር ብንለቀው ቀጥኖ ይጠፋል የሚለው የብዙ ዘመን እምነት ዋጋ ያጣው እዚህ ላይ ነው። ባሕሩ ያቀጠነውን የምግብ ሰንሰለቱ መልሶ ያወፍረዋል። በሚናማታ ከአንድ በሽተኛ ፀጉር ውስጥ ከሚሊዮን እጅ 705 እጅ ባዜቃ ተገኝቷል።

የመርዙን አዝጋሚነት ባለመገንዘብ የደረሰ ሌላ ጥፋት አለ፤ ከሚናማታ ብንርቅም ሳንጠቅሰው አናልፍም። በ1971 መጨረሻና በ1972 በኢራቅ ለዘር ብቻ የመጣ፣ በሜቲል ሜርኩሪ የተቀባ ስንዴ ለገበሬዎች ታደለ። ማስጠንቀቂያው በማያውቁት ቋንቋ ተጽፎ ነበር። አንዳንድ ገበሬዎች ተጠራጥረው ስንዴውን ለጥቂት ቀናት ለዶሮዎቻቸው ሰጡ፤ ዶሮዎቹ ምንም ስላልሆኑ ጋግረው በሉት። 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ 459 በሆስፒታል ሞቱ። ገበሬዎቹ ያደረጉት ሙከራ በሐሳቡ ትክክል ነበር፤ በእንስሳ ላይ መሞከር ማለት ይኸው ነው። የጎደለው ጊዜ ብቻ ነው። መርዙ ምልክቱን ለማሳየት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋልና። ስለ ሙከራ አደራረግ ስናስተምር ከዚህ የተሻለ፣ ከዚህም የበለጠ የሚያሳዝን ምሳሌ አናውቅም።

ወደ ፋብሪካው ሆስፒታል እንመለስ። ዶክተር ሆሶካዋ የኩባንያው ተቀጣሪ ቢሆኑም ነገሩን በቅን ልቡና ይከታተሉት ነበር፤ ከ1957 ጀምሮም በሆስፒታሉ ግቢ ድመቶችን እየያዙ፣ ቁጥር እየሰጡ፣ ልዩ ልዩ ነገር እየመገቡ ይመለከቱ ነበር። በጁላይ 21 ቀን 1959፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው ውጤቱን ከማስታወቁ አንድ ቀን በፊት፣ ከአሴታልዴሃይዱ ክፍል የወጣውን ፍሳሽ በየቀኑ 20 ሲ.ሲ. ያህል እየለኩ ከምግብ ጋር ለአንዲት ድመት መስጠት ጀመሩ። ዓሣ በመካከል የለም፤ ባሕርም የለም፤ ከፋብሪካው ቧንቧ በቀጥታ ወደ ድመቷ ሣህን ነው። ሁለት ወር ተኩል ያህል ምንም አልታየም። በኦክቶበር መጀመሪያ ድመት ቁጥር 400 ምራቋን ማዝረብረብ፣ መንዘፍዘፍ፣ መሽከርከርና ከግድግዳ ጋር መጋጨት ጀመረች። በኦክቶበር 24 ቀን ተገድላ የአካል ክፍሏ ለምርመራ ወደ ኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ ተላከ። የትንሹ አንጎል ሕዋሶቿ ጠፍተው ተገኙ።

ዶክተሩ ውጤቱን ለኩባንያው ኃላፊዎች ነገሯቸው። እንደ ጥንቁቅ ሰው አንዲት ድመት ብቻዋን ማስረጃ ልትሆን እንደማትችል ያውቁ ነበርና ሙከራውን በብዙ ድመቶች ለመድገም ፈለጉ። የተሰጣቸው መልስ እንዲያቆሙ፣ ፍሳሹንም እንዳይወስዱ የሚል ነበር። ውጤቱም ተደበቀ። ኩባንያው ግን በአደባባይ የዩኒቨርሲቲው መላምት በማስረጃ አልተረጋገጠም እያለ ይከራከር ነበር። የኬሚካል ኢንዱስትሪዎች ማኅበር ከጦርነቱ በኋላ በባሕር የተጣለ ፈንጂ ነው አለ፤ አንድ የቶኪዮ ፕሮፌሰርም የበሰበሰ ዓሣ መርዝ ነው የሚል ሐሳብ አመጡ። በኖቬምበር 12 ቀን 1959 የጤና ሚኒስቴር አማካሪ ጉባኤ ምክንያቱ ከካርቦን ጋር የተዋሐደ ባዜቃ ነው ብሎ ወሰነ፤ ከየት እንደመጣ ግን አልተናገረም። በሚቀጥለው ቀን ጉዳዩን ያጠናው ክፍል ፈረሰ።

የታሪክ መምህራን ሆነን ስንመለከተው ከድመቷ ሞት ይልቅ የሚከብደን በዚያው ዓመት በዲሴምበር 30 የተፈረመው ውል ነው። ኩባንያው ለሟች ቤተሰብ 300,000 የን፣ ለታመመ አዋቂ በዓመት 100,000 የን፣ ለሕፃን በዓመት 30,000 የን ሊከፍል ተስማማ። ገንዘቡ የማጽናኛ ገንዘብ ተባለ እንጂ ካሣ አልተባለም። በውሉ አምስተኛ አንቀጽ ላይ ወደፊት በሽታው ከፋብሪካው ፍሳሽ የመጣ መሆኑ ቢታወቅ እንኳ በሽተኞቹ ሌላ ካሣ አይጠይቁም የሚል ቃል ገባ። ይህን ውል ያዘጋጁት ሰዎች የድመት ቁጥር 400ን ውጤት ኩባንያቸው ከያዘ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የፈረሙት ግን አዲስ ዓመት የደረሰባቸው፣ ዓሣቸውን የሚገዛ ያጡ፣ በቤታቸው በሽተኛ የተኛባቸው ድሆች ነበሩ።

በዚያው ወር ፋብሪካው የፍሳሽ ማጣሪያ በድምቀት መረቀ። ማጣሪያው ሜቲል ሜርኩሪን እንዲያስቀር የተሠራ አልነበረም። በባዜቃው ዘዴ ማምረቱ እስከ ሜይ 1968 ቀጠለ። በዚህ መካከል በ1963 የኩማሞቶው ኢሩካያማ ካትሱሮ ከራሱ ከፋብሪካው ዝቃጭ ውስጥ ሜቲል ሜርኩሪን አውጥተው አሳዩ። በ1965 ደግሞ በሌላ ወገን፣ በኒጋታ አውራጃ በአጋኖ ወንዝ ዳር፣ በሌላ ኩባንያ ፋብሪካ ምክንያት ያው በሽታ ተነሣ። የመጀመሪያው ምሥጢር ባይደበቅ ኖሮ ሁለተኛው ሊድን ይችል ነበር ማለት ከእውነት የራቀ አይመስለንም።

ከሁሉም የከፋው የተገለጠው በ1962 ነው። ዓሣ ሳይበሉ፣ ከእናታቸው ማሕፀን ታመው የተወለዱ ሕፃናት መኖራቸው ተረጋገጠ። እስከዚያ ድረስ ሐኪሞች የእንግዴ ልጁ ፅንሱን ከመርዝ ይጠብቀዋል የሚል እምነት ነበራቸው። ሜቲል ሜርኩሪ ግን እንደ አንጎሉ አጥር ሁሉ ይህንንም አለፈ፤ እንዲያውም ከእናቲቱ ደም ይልቅ በፅንሱ ደም በዛ ብሎ ተገኘ። በአይጦች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም በኋላ ይህንኑ አሳይተዋል። እናቲቱ ጤናማ ስትመስል ልጇ ታሞ የሚወለደው ስለዚህ ነው። ዶክተር ሐራዳ ማሳዙሚ የተባሉት የሚናማታ ሐኪም ይህን ለማስረዳት እንግዳ የሆነ ማስረጃ ተጠቀሙ። በእኛ አገር እትብት ይቀበራል፤ እትብቴ የተቀበረባት ማለትም የትውልድ አገርን መጥራት ነው። ጃፓናውያን ግን የልጁን እትብት አድርቀው በትንሽ ሣጥን ያኖሩታል። ከየቤቱ የተሰበሰቡት እነዚህ ደረቅ እትብቶች ሲመረመሩ ባዜቃው ከነዓመቱ ተገኘባቸው። ማንም ሳያስበው እናቶቹ የዘመኑን መዝገብ በየሣጥኑ ሲያስቀምጡ ኖረዋል።

የጃፓን መንግሥት የሚናማታ በሽታ ከቺሶ ፋብሪካ በወጣ ሜቲል ሜርኩሪ የመጣ መሆኑን በሴፕቴምበር 26 ቀን 1968 አስታወቀ። የሚያስገርመው፣ በዚያው ዓመት በዚያው በኪዩሹ ደሴት ያው ታሪክ በሌላ መርዝ ሲደገም ነበር። በፌብሩዋሪና በማርች 1968 በደሴቲቱና በአካባቢው ዶሮዎች በመተንፈስ ችግር ያልቁ ጀመር፤ 400,000 ያህል ሞቱ። መኖው ተመርምሮ ካኔሚ ከተባለው የሩዝ ዘይት ፋብሪካ የወጣ ተረፈ ምርት እንዳለበት ታወቀ። የዶሮው ጉዳይ የእርሻ ሰዎች፣ የሰው ምግብ ጉዳይ የጤና ሰዎች ሥራ በመሆኑ ከዚያው ፋብሪካ የሚወጣውን የሰው ዘይት የነካው አልነበረም። በኦክቶበር ፊታቸውና ሰውነታቸው በጥቋቁር ብጉር የተሞላ፣ የዓይን ሽፋናቸው ያበጠ፣ የደከሙ ሰዎች ነገር በጋዜጣ ወጣ። ዘይቱን ለማጣራት የሚያሞቀው ቧንቧ በውስጡ ፒ.ሲ.ቢ. የሚባል ኬሚካል ይዞ ነበር፤ ከቧንቧውም አፈትልኮ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል። የኬሚካሉ የንግድ ስም ካኔክሎር 400 ነበር፤ ቁጥሩ ከድመቷ ቁጥር ጋር መግጠሙ እንዲያው አጋጣሚ ነው።

ፒ.ሲ.ቢ. እንደ ሜቲል ሜርኩሪ በፕሮቲን ሳይሆን በስብ ውስጥ ይቀመጣል። እሳት አይበላውም፣ አሲድ አይፈታውም፤ ለትራንስፎርመር ዘይትነት የተመረጠውም በዚሁ ጥንካሬው ነው። ለፋብሪካ በጎ የሆነው ጠባይ ለሰውነት ክፉ ሆነ፤ ጉበትም ሊፈታው አይችልምና። በ1970ዎቹ በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ለእንስት ዝንጀሮዎች ከምግባቸው ከሚሊዮን እጅ ጥቂት እጅ ብቻ ቢሰጣቸው ፀጉራቸው ረገፈ፣ የዓይን ሽፋናቸው አበጠ፣ ግልገሎቻቸውም አነስተኛና ቆዳቸው የጠቆረ ሆኑ። በጃፓን ከታመሙት እናቶች የተወለዱት ሕፃናትም ቆዳቸው ጠቁሮ ነበር። በሚሺጋን ደግሞ ከታላላቆቹ ሐይቆች በወጣ ዓሣ የሚመገቡ፣ ለፀጉራቸው የሚረቡ ሚንክ የተባሉ እንስሳት ግልገል ማሳደግ አቃታቸው፤ ምክንያቱ ሲፈለግ ፒ.ሲ.ቢ. ሆኖ ተገኘ። በአገራችንም በኤሌክትሪክ መሥመር ላይ ከኖሩት አሮጌ ትራንስፎርመሮች መካከል ይህ ኬሚካል ያለባቸው ተገኝተዋል። ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉትን የማይጠፉ መርዞች የሚከለክለውን የስቶክሆልም ስምምነት በ2003 አጽድቃለች።

ተማሪዎቻችን እንስሳትን እንዲህ ማሠቃየት ተገቢ ነውን ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ጥያቄያቸውንም ማፈን አይገባም። የእኛ አስተያየት እንዲህ ነው። በሚናማታ መንደሮች ማንም ሳይሞክርባቸው የሞቱት ድመቶች በቤተ ሙከራ ከሞቱት አያንሱም፤ ሰዎቹም ሳይጠየቁ የተሞከረባቸው ያህል ነው። በቁጥር 400 ላይ የተፈጸመው በደል ሁለት ነው። አንደኛው ሥቃይዋ ሲሆን ሁለተኛውና የከፋው ሥቃይዋ ለከንቱ እንዲቀር መደረጉ ነው። ስለ ዶክተር ሆሶካዋም ፍርድ ለመስጠት አንቸኩልም። ከኩባንያው ደመወዝ እየተቀበሉ እውነቱን የፈለጉ እሳቸው ናቸው፤ ካገኙትም በኋላ ለዓመታት ዝም ያሉ እሳቸው ናቸው። በ1962 ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ። በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር ብሎ በክፍል ውስጥ መጠየቅ አንድ ሙሉ የትምህርት ሰዓት የሚወስድ ክርክር ያስነሣል።

በሽተኞቹ በጁን 1969 ኩባንያውን በኩማሞቶ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ዶክተር ሆሶካዋ በዚያን ጊዜ በሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም በካንሰር፣ ታመው በቶኪዮ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። በጁላይ 4 ቀን 1970 ዳኞች ወደ አልጋቸው መጡ። ሽማግሌው ድመቷ የበላችውን፣ ያሳየችውን፣ ለማን እንደተናገሩና ምን እንደተባሉ መሰከሩ። በኦክቶበር 13 ቀን ዐረፉ። ፍርድ ቤቱ በማርች 20 ቀን 1973 ኩባንያው በቸልተኝነቱ ኃላፊ ነው ብሎ ፈረደ፤ የ1959ኙንም ውል የሰውን ችግር መጠቀሚያ ያደረገና ከመልካም ጠባይ ውጭ የሆነ ነው ሲል ሻረው።

የኩባንያውን ሙከራ የሚመለከት አንድ ነገር ከዚያም በኋላ ተገኝቷል። ፍሳሹን ከበሉት የፋብሪካው ድመቶች የአንደኛዋ የአካል ክፍሎች በኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ዕቃ ቤት ውስጥ 40 ዓመት ገደማ ተቀምጠው ነበር። ተመራማሪዎች አውጥተው በዘመኑ መሣሪያ መረመሯቸው፤ ውጤቱንም በ2001 አሳተሙ። በአንጎሏ ውስጥ ባዜቃ ነበር፤ የትንሹ አንጎሏ ሕዋሶችም እንደ ሚናማታ በሽተኞች ጠፍተው ነበር።